ከሰሌዳው የነቀልኩት ማስታወቂያ

አብራኝ ትሠራ የነበረች ወጣት ነርስ በየስብሰባው መድረክ ላይ ቆማ ስለ እኔ ትናገራለች አሉ። «ይህን ጥናት የጀመርኩት ጥያቄውን የሰጠችኝ ታላቅ እህት ስላለችኝ ነው» ትላለች፤ ሰውም ያጨበጭባል። እኔ ግን አልሰጠኋትም። ምጥ መጠበቅና ደም ግፊት መለካት አስተምሬአታለሁ፣ ሥራዬ ስለነበረ። ጥያቄውን አልሰጠኋትም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምፈራው አለቃ ስለሌለ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ላፍቶ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። በእርግዝናቸው ወራት ግፊታቸው ከፍ ያለባቸው እናቶች ወልደው ከሄዱ በኋላ ምን እንደሚሆኑ የሚከታተል አልነበረም። ልጁን ለክትባት ያመጡታል፤ ልጁ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ የእናቲቱን ክንድ ግን ማንም አይነካም። ካዋለድኳቸው አንዷ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምትኖረው። ልጇ መራመድ በጀመረበት ሰሞን ውሃ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲያ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ግፊት እንደነበረባት የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ እኔም ረስቼአት ነበር። ጡረታ ሳልወጣ እንደ እሷ ያሉትን ሴቶች ፈልጌ መለካት፣ የደረሱበትንም መጻፍ ፈለግሁ።

ለዚህ ገንዘብ የሚሰጥ ስፈልግ ዓመታት አለፉ። ክፍለ ከተማ ስሄድ ለምርምር የተያዘ በጀት የለም ተባልኩ። ዩኒቨርሲቲ ስሄድ ተማሪ ወይም መምህር ካልሆንሽ አይሆንም አሉኝ። እናቶችን እንረዳለን የሚል አንድ ድርጅት ደግሞ የምንሠራው ገጠር ነው ብሎ፣ ሻይ ጋብዞ ሸኘኝ።

ጡረታዬ ሲቃረብ አንድ ቀን ጠዋት ከላቦራቶሪው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ለእናቶች ጤና ምርምር ገንዘብ የሚሰጥ የውጭ ድርጅት ማመልከቻ ይቀበላል ይላል። ግራ ቀኝ አየሁና ነቅዬ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እኛ ዘንድ ነገር ሳያልቅ አይወራም። ቪዛ የሚጠብቅ ሰው ለወንድሙ አይነግርም፣ ቤት የሚገዛ ቁልፉ እጁ እስኪገባ ዝም ይላል። እኔም ዝም አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡ ቤቴ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ጻፍኩ።

ቅጹ አጋር ተቋም ማን እንደሆነ ይጠይቃል። አጋር ለማግኘት ሐሳቤን ለሰው መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ ከነገርኩ ይወስዱብኛል። ስለዚህ ቦታው ላይ «በሂደት ላይ ነው» ብዬ ሞላሁበት። በቢሮ ሥራ ስንት ጉዳይ በዚህ ቃል ሲያልፍ አይቻለሁ።

ያቺ ዛሬ በየመድረኩ የምታነሳኝ ልጅ ያን ጊዜ ከእኔ ጋር ተመድባ ትሠራ ነበር። የማታውቀውን ነገር ያለ ሀፍረት የምትጠይቅ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሳይቀር የምትሳሳቅ ልጅ ናት። ምጥ የያዛቸው ሴቶች እኔ አጠገባቸው ቆሜ «ያቺን ልጅ ጥሩልን» ማለት ጀምረው ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አንድ ቀን ለቁስል የሚሆን ጎዝ ስናጥፍ፣ «ሲስተር፣ የእናቶቹን የምርምር ጥሪ አይተውታል?» አለችኝ።

«የምን ጥሪ?»

«ቴሌግራም ላይ ተለቆ የለ እንዴ። ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። አብረን እንጻፍ ብዬ ነው፤ ግፊት የነበረባቸው እናቶች የት ደረሱ ሲሉ እሰማዎታለሁ፣ ጥያቄው እኮ የእርስዎ ነው።»

ወረቀቱ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ጡረታዬን እየጠበቅሁ መሆኔን፣ እንዲህ ያለ ነገር እንደማያምረኝ ነገርኳት። ጥቂት ጎዝ አጠፈች።

«እንግዲያው በጥያቄው ብጠቀም ይቀየሙኛል?»

«ጥያቄ የማንም ነው» አልኳት። ሰጠችኝ የምትለው ይህንን ነው።

የእኔ ማመልከቻ አጋር ተቋም ስላልተገለጸበት ሳይታይ ተመለሰ። የእሷ አለፈ። ኬክ ተቆረሰና ትልቁን ቁራሽ ለእኔ አመጣችልኝ። ጴንጤ ስለሆነች የእኛን ጾም አትለይም፤ ጾም ነው አልኳትና ይቅርታ ጠይቃ መለሰችው። ጾም አልነበረም።

በኋላ የጻፈችውን እንዳነበው ሰጠችኝ። ስህተት ፍለጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። እኔ ሴቶቹን በስልክ እየደወልኩ ልጠራ ነበር ያሰብኩት። እሷ ረቂቋን ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ አሳይታ ኖሯል፤ እሱ ቁጥራቸውን ቶሎ ቶሎ እንደሚቀይሩ፣ የልጃቸውን ክትባት ግን እንደማይተዉ ነግሯታል። ስለዚህ እናቶቹን በክትባት ቀን ልትለካ፣ የቀሩትን ብቻ ቤታቸው ልትፈልግ ጻፈች። ከእኔ የተሻለ ነበር። ሰርቃኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ጡረታ ስወጣ የቀሩትን ሴቶች ቤት ለቤት የሚፈልግ ሰው ያስፈልገኛል ብላ ለመነችኝ። እምቢ ልላት አፌን ከፍቼ እሺ አልኳት። ሌላ ሰው እንዲያገኛቸው አልፈለግሁም።

ጀሞና ፉሪ ስንት ደረጃ እንደወጣሁ ጉልበቴ ያውቃል። ከሴቶቹ አንዷ እጇን በሊጥ እንዳበላሸች በር ከፈተችልኝ። ሁለት ጊዜ ለካኋት፣ ሁለቱም ጊዜ የሚያስፈራ ነበር። የሚያሰቃያትን ራስ ምታት የልጅ ጩኸት ያመጣው መስሏት ችላ ብላው ኖሯል። ዛሬውኑ ሕክምና እንድትሄድ ነግሬ፣ ጎረቤቷን ጠርቼ ልጁን አስይዤ፣ ራሴ ታክሲ ውስጥ አስገባኋት። በመስኮቱ እጄን ይዛ፣ «የላከሽን ሰው እግዜር ይባርከው፤ ማን ነው የላከሽ?» አለችኝ።

«ማንም አልላከኝም፣ በራሴ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ደረቴ ላይ የፕሮጀክቱ ባጅ ተንጠልጥሎ ነበር፣ የጥናቱ መሪ ተብሎ የልጅቷ ስም በትልቁ የተጻፈበት። ታክሲው ሲሄድ ሴትዮዋ አንብባው እንደሆነ አላውቅም።