የድብ ባሕሩ ባለ ሁለት ራስ ጥጃ

በጣሊያን ዘመን ጎንደር የከብት ሕክምና ቢሮ ሥራ የጀመርሁ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ ገመድ ነበር። ማዕረጌ ከብት ያዥ ይባላል። ከብት ያዥ ማለት የበሬውን እግር በገመድ ጠልፎ የሚጥል፣ ከዚያም ቀንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሐኪሙ መርፌውን ወግቶ እስኪጨርስ ድረስ የሚሰደብ ሰው ነው። ሐኪሙ ጣሊያን ካፒቴን ነበር። በዚያው ቀን በሬው ረግጦኝ ጭቃ ላይ ተዘርሬ ሳለሁ ካፒቴኑ ሮጦ መጣና ጎንበስ ብሎ የበሬውን ሰኮና መረመረ። የኔን ጎን ያየልኝ የለም።

ከያዥነት ወደ መርፌ ቀቃይነት አደግሁ። መርፌውን በድስት ማፍላት፣ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ መጥረግ፣ በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለል ነው። ጣሊያንኛውን ከስድቡ ጀምሬ ተማርሁት። ሲገባኝ ጊዜ አስተርጓሚም አደረጉኝ። ሥራ ሲጨምሩልኝ ማዕረግ መጨመሩን ግን ረሱት።

አንድ ቀን ድብ ባሕር በሚባል አገር ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ላም ባለ ሁለት ራስ ጥጃ ወለደች የሚል ወሬ ደረሰን። ካፒቴኑ ከወንበሩ ብድግ አለ። እንዲህ ያለ ጥጃ በተማሪነቱ አይቶ ያውቃል፤ ያየው ግን በጠርሙስ ተዘፍዝፎ ነው። ከአስመራ አንድ ትልቅ ሹም ጎንደርን ሊጎበኝ ይመጣ ስለነበር፣ ጥጃውን ሳያይ ስልክ ደውሎ ለሹሙ አሳይዎታለሁ ብሎ ቃል ገባ። ከዚያ በኋላ ነው በካሚዮን የሄድነው።

ጥጃው አንድ ገላ ነው፤ አንገቱ ግን እንደ ባላ እንጨት ተከፍሎ ሁለት ራስ ተሸክሟል። ቀኙ ራስ ይጠባል። ግራው ጡት አጥቶ አየር ይጠባል። ባለቤቷ ወይዘሮ ስንዱ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ላም ስትወልድ ጎረቤት መጥቶ «እንቦሳ እሰሪ» ይላል፤ ያን ዕለት አገሩ ሁሉ መጥቶ አንድም ሰው አላላትም።

«ምነው ይኸ ግልጽ አይደለም?» አሉ አያ መኩሪያ የሚባሉ ሽማግሌ። «ሁለት ንጉሥ ባንድ አገር ማለት ነው። የሚጠባው የኛው ነው፤ አየር የሚያኝከው ደግሞ የነሱ።»

ጣሊያን የሾመው ጭቃ ሹም ፊቱ አመድ መሰለ። ወደኔ ዞሮ «ይኸን እንዳትተረጉም!» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የሚጠባው የመንግሥት ነው!» ብሎ አወጀ። ጭቃ ሹሙ አፉን ሳይዘጋ ጥጃው ዞረና ጡቱን ግራው ራስ ያዘው። ሕዝቡ አጉረመረመ። የትኛው ራስ የማን እንደሆነ ለሱም ጠፋበት። ከዚያ በኋላ ሰዉ ሥራውን ትቶ የሚጠባውን ራስ ሲጠብቅ ዋለ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለኝ ካፒቴኑ።

«ስለ ጤናው እየተጨነቁ ነው» አልሁት።

ወተቱ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም የሚል ክርክርም ተነሥቶ የደብሩ ቄስ ተጠየቁ። እሳቸውም ላሚቱን ከፊት አዩዋት፤ ከኋላም አዩዋት። «የላሚቱ ራስ አንድ ነው» አሉ። «ወተቱም የሚወጣ ከሷ ነው። ጠጡ፣ እኔንም አታድርቁኝ» ብለው ሄዱ።

ወይዘሮ ስንዱ ይኸ ሁሉ ነገር አላስጨነቃትም። ጠጋ ብላ «ወንድሜ፣ ለነጩ ንገርልኝ» አለችኝ። «ራሱ ሁለትም ይሁን አራት ጉዳዬ አይደለም። ልጆቼ የሚያድሩት በዚች ላም ወተት ነው፤ ሌላ ላም የለኝም። ጥጃው ከሞተ ወተቷን ትይዛለች።»

ተረጎምሁለት። ካፒቴኑ ግን ጥጃውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው በስንዝር ለካ። «መጫኛ ሣጥን አሠርቼ እስክመለስ በሕይወት አቆየው» ብሎኝ ሄደ። እንግዲህ ማዕረጌ የጥጃ ሞግዚት ሆነ። ግራውን ራስ በጠርሙስ ሳጠባ ቀኙ ቀንቶ እጄን ይነክሳል፤ ቀኙን ሳስጠጋ ግራው ይጮኻል። ጠዋት ተነሥቼ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ወደድሁት፤ ምን ይደረጋል! ጥጃው መድከሙ ግን አልቀረም፤ በመጨረሻ ሁለቱም ራሶች ባንድ ጊዜ ዓይናቸውን ከደኑ። አለቀስሁ። ለጥጃ የሚያለቅስ የመንግሥት ሠራተኛ አይቶ የማያውቀው ጭቃ ሹም ባርኔጣውን አወለቀ።

ላሚቱ ወዲያው ወተቷን ያዘች። ወይዘሮ ስንዱ ታልባት ጀመር፤ ጠብ የሚል የለም። ልጆቹ ባዶ ቅል ይዘው ቆመዋል። ያን ጊዜ አያ መኩሪያ ቢላ አመጡ። ጥጃ ሲሞት የሚደረገውን ታውቁታላችሁ፤ ቆዳውን ገፈው፣ ጭድ ጠቅጥቀው፣ ሰፍተው፣ ጨው ያርከፈክፉበትና ለእናቲቱ ያቀርቡላታል፤ እሱን እየላሰች ትታለባለች። የዚህ ጥጃ አንገት ግን አስቸገረ። ወደ ቀኙ ጭድ ሲገባ ግራው ይታጠፋል። ሲያልቅ አንዱ ራስ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ሌላው መሬት ላይ ዕቃ የጠፋበት ይመስላል። ላሚቱ አሸተተች። ከዚያ መሬት የሚያየውን መላስ ጀመረች። ወተቱ ወረደ። ልጆቹ ሲጠጡ አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ካፒቴኑ ቀለም የተቀባ ሣጥን አስጭኖ ሲመጣ እሱም እንደ ሣጥኑ ያብለጨልጭ ነበር፤ የአስመራው ሹም ጎንደር ሊገባ ነው። ጥጃው መሞቱን ስነግረው «ቆዳውን እንወስዳለን» አለ።

ወይዘሮ ስንዱ በረቱ በር ላይ ቆመች። «ይውሰድ» አለች። «ላሚቱንም ይውሰድ፤ ልጆቼንም ይውሰድና ማታ ማታ እሱ ይለብላቸው።»

ይኸን ቃል በቃል ተረጎምሁት። ካፒቴኑ ገፋ አድርጓት ገባ። ጥጃውን ዞረው። ስፌቱን በጣቱ ነካው፤ ጭድ ረገፈ። ላሚቱ የላሰችው ራስ ጠጉሩ አልቆ ገርጥቷል፤ ያልተላሰው ጠጉራም ነው።

«ይህ ማጭበርበር ነው» አለ። «ሁለት ጥጃ ሰፍታችሁ ነው። ራሶቹ እንኳ አይመሳሰሉም። በሕይወቱ ያየሁት ጥጃ ይህ አይደለም፤ የሱን ቆዳ አጥፍታችሁ ነው።»

ደሜ ፈላ። በእጄ ያጠባሁት ጥጃ! ተነክሼበታለሁ፤ ጠባሳውን ላሳየው እጅጌዬን ስሰበስብ ወይዘሮ ስንዱ እግሬን ረገጠችኝ።

«ሸጋ ዓይን አለው» አለች። «ሰፍተን ነው፤ ይማረን በለው።»

ዋጥ አድርጌ ተረጎምሁ። ጭቃ ሹሙም «እኔ እንኳ ጠርጥሬ ነበር» አለ። ካፒቴኑ ቆዳውን እዚያው ትቶ ባዶ ሣጥኑን አስጫነ።

ለአስመራው ሹም የተገባው ቃል ግን አለ። ጎንደር ተመልሰን ከቄራ አንድ ጥጃና አንድ ትርፍ ራስ እንዳመጣ ታዘዝሁ። ካፒቴኑ እንደ ቀዶ ሕክምና ጥንቅቅ አድርጎ ሰፋው፤ እኔ መርፌ አቀበልሁ። አንገቱን በሽቦ አቆምነው፣ ዓይኑን የመስተዋት ዶቃ አደረግንለት። ሹሙ መጥቶ ሁለቱንም ግንባር ዳሰሰ፣ ተፈጥሮን አደነቀ፣ ከጎኑ ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሣ።

ሹሙ ሲወጣ ካፒቴኑ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ያንን የድብ ባሕር ማታለያ ታስታውሳለህ?» አለኝ። «እውነተኛው እንዲህ ነው የሚመስለው።»

«ሲ፣ ሲኞር» አልሁት። ካፒቴኑ ከልቡ ነበር የሚናገረው።

በኋላ ለክትባት ድብ ባሕር ስሄድ ላሚቱ ገና ትታለብ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ወተት ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሠራሁበትን ደንብ ለእናንተ ለወጣቶቹ የከብት ሐኪሞች ልንገራችሁ። ጥጃ ሲሞት ቆዳው የላሚቱ ነው። ምርመራ ካስፈለጋችሁ ሆድ ዕቃውን ውሰዱ።