ሰፍቼ ያዋስሁት መጽሐፍ

በንጉሡ ዘመን፣ ቢቸና ውስጥ የትኛውን መጽሐፍ ማንበብ እንደሚበጅ ማወቅ የፈለገ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ዳዊት ደግሜ፣ ደብረ ወርቅ ከአንድ ብራና ፋቂ ዘንድ ጥቂት ዓመት አገልግዬ፣ የቀረውን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ የተማርሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ምክር መስጠት ይወዳል። ለንብ አናቢው ስለ ንብ የተጻፈውን፣ ለሙሽሮች ስለ ንጽሕና የሚያስረዳውን፣ ጠጅ ቤት ለሚያመሸው የነገሥታቱን ታሪክ አዝ ነበር። ልብ ወለድ ግን በእጄ ሳያልፍ ለማንም አላውስም።

በእጄ ስል በመርፌዬ ማለቴ ነው። የተቀደደ ብራና እንዴት እንደሚሰፋ ደብረ ወርቅ ተምሬያለሁ። መጽሐፍ መቅደድ ኃጢአት ነው፤ ነውር ማስነበብም ኃጢአት ነው። ስለዚህ ነውር ያለባቸውን የመጽሐፍ ቅጠሎች ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሜ በነጭ ክር እሰፋቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ከዕረፍት ፈቃዱ ሲመለስ፣ አገር ሁሉ የሚያወራለትን አዲስ ልብ ወለድ ይዞልኝ መጣ። አንዲት የባላገር ልጅ ለትምህርት ከተማ ትገባለች፤ አንድ ባለጠጋ ወርቅ ይሰጣታል፤ አንድ ቀን ወደ ከንፈሯ ጠጋ ይላል። "ከንፈር" የሚለውን ቃል ሳይ ገጹን ዘለልሁ። ጥቂት ቅጠል አልፌ፣ ልጅቱ አባቷ ቤት ስትገባ፣ አባትየው ግንባሯን ስሞ በግ ሲያርድላት አገኘሁ። ደስ አለኝና መካከሉን ሰፋሁት።

ድሬሰሩ ስፌቱን አይቶ ሳቀ።

"ጋሼ፣ መጽሐፉን እኮ ልብስ አለበሱት!"

"ራቁቱን ነበራ ያመጣኸው" አልሁት።

"አባትን ማክበር የሚያስተምር ነው" እያልሁ ለሁሉም መከርሁት። ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ከረመ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው የሞጣ እህል ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም። የፈለጋት ልጄን ነው። እሷ ግን ሞጣ እህቴ ቤት ተቀምጣ ትምህርቷን እንድትቀጥል ቃል አስገብታኝ ነበር።

"ልጄ ልትማር ነው" አልኋቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ፈገግ አሉ። "አንብቡ ያልኸን አንተ አይደለህም? አማቼ ሲያነብ ሰምቻለሁ። ልጅቱ ከባለጠጋው ጋር ሆነች፤ አባትየው በግ አርዶ ተቀበላት። ልጅህን ባለጠጋ ሲጠይቃት ያንተ በግ የት ሄደ?"

ያመሰገንሁትን መጽሐፍ እንዴት ልካድ? እውነቱን ልናገርና፣ የነጋዴው ጎተራም ትንሽ አባብሎኝ ነበር። ቀን ስጡኝ ልል አፌን ስከፍት ልጄ መጽሐፉን ይዛ ከጓዳ ወጣች።

"አባባ፣ የሰሙት ግማሹን ነው።"

ስፌቱን አየሁት። እኔ በነጭ የሰፋሁት አረንጓዴ ሆኗል፤ እሷ ጥልፍ የምትጠልፍበት ክር ነው። ፈትታ፣ አንብባ፣ መልሳ ሰፍታዋለች።

"ማን ፍቺው አለሽ?" ብዬ እጄን አነሣሁ።

"ይቅጡኝ፤ ግን አስቀድሜ ላንብብ።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቆማ አነበበች። ባለጠጋው ወደ ከንፈሯ ሲጠጋ ልጅቱ በጥፊ ትለዋለች። ወርቁን እግሩ ሥር ጥላ፣ ሦስት ቀን በእግሯ ተጉዛ አባቷ ቤት ትገባለች። በጉ የታረደው ባዶ እጇን ስለ ተመለሰች ነበር።



"አንተ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ "ይህን ሳታነብ ነው ስታስነብበን የከረምኸው?"

ቀኑን ሙሉ ሰው እውነት ሊናገር ሲምል የምጽፍ ሰው ነኝ። "አላነበብሁትም" አልሁ።

"ለነጋዴው ምን ብለን እንንገረው?"

"መጽሐፉን ውሰዱለት። ስፌቱ ተፈትቷል።"

ሲወጡ ልጄን ተቆጣኋት፤ ያለ ፈቃድ መፍታት መፍታት ነው። አልመታኋትም። መስከረም ላይ በቅሎ አስጭኜ ሞጣ ላክኋት።

ለገና አንድ አዲስ መጽሐፍ ላከችልኝ። በውስጡ ወረቀት አለ፦ "አባባ፣ እዚህ ሰው ሁሉ የሚያነበው ይህን ነው። ለእርስዎ የማይሆን ጥቂት ገጽ ስላለው ሰፍቼዋለሁ።" ክሩ አረንጓዴ ነው።

ልታገሥ አስቤ ነበር። እስከ እራት ታገሥሁ። ከዚያ በቢላዋ ፈታሁት። ውስጡ አንድ አባት ነበር፤ ከሥራ መጥቶ በሩን ሲገፋ የቤቱ ሳቅ ቀጥ የሚል። ልጆቹ የሚስቁት እሱ ሲወጣ ነው። እስከ መጨረሻው አነበብሁና በነጭ ክር መልሼ ሰፋሁት።

ድሬሰሩ "ጋሼ፣ አዲስ መጽሐፍ የለም?" ሲለኝ "የለም" አልሁት። ሙሉውን አንብቤ ለማንም ያልመከርሁት መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው።