አርብ አርብ የሚቆረጠው መስመር

ልጄ ዐረብ አገር ከሄደች በኋላ ከሳምንቱ የማውቀው ቀን አርብ ብቻ ሆነ። አሠሪዎቿ አርብ ከሰዓት ዘመድ ሊጠይቁ ሲወጡ፣ በቤታቸው ኢንተርኔት ተደብቃ በቪዲዮ ትደውልልኛለች። ድምጿንማ በስልክም እሰማው ነበር። «ደህና ነኝ እማዬ» ትላለች፤ እመቤቲቱ አጠገቧ ቆማ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ? እኔ ፊቷን ማየት ነበር የፈለግሁት። ሰንጋ ተራ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ትልቁ ወንድሟ ጭንቀቴን አይቶ በቤት ስልካችን መስመር ላይ ብሮድባንድ አስገባልኝ።

ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አያልፍም። ያመጣልኝ ላፕቶፕ የቱ ጋ እንደሚከፈትም እሱ አሳየኝ። የሞደሙን መብራቶች ግን ቁጭ ብዬ ሳያቸው ራሴ ለመድኳቸው። ሁለተኛዋ ቀጥ ብላ ከበራች መስመር አለ፤ ከተርገበገበች የለም።

አንድ አርብ ልጄ በቪዲዮ መጣች። ከስታለች። ሻርፗን እስከ አገጯ ጠምጥማዋለች። ምነው ብላት የማቀዝቀዣው ብርድ ነው አለችኝ። እስቲ አንሽው አልኳት። አየችኝና እጇን ወደ ሻርፑ ሰደደች፤ ምስሉ እዚያው ደርቆ ቀረ። ዞር ስል መብራቷ ትርገበገባለች። መስመሩ ሲመለስ ልጄ የለችም።

በሚቀጥለው አርብም ልክ እንደዚያው። ከዚያም በኋላ። ወንድሟ እሁድ ሲሞክረው ግን ምንም አይለውም። አንቺ ትነካኪዋለሽ ይለኛል። እኔ ደግሞ ነገሩ የሰው ዓይን መሰለኝ፤ ልጄ እንዳትነግረኝ የሚከለክላት አንድ ነገር አለ አልኩ። ከልደታ ማርያም ጠበል አምጥቼ ሞደሙ ላይ ልረጭ ስል እጄን ለቀም አደረገኝ።

«እማዬ፣ ጋኔኑ ይወጣል፤ ኢንተርኔቱም አብሮት ይወጣል።»

ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ወንድሟ የስልክ ጥገና ክፍል ደወለና፣ ቤት የምውለው እኔ ስለሆንኩ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ኢንተርኔቱ ሲቆረጥ በቤት ስልኩ የሚያወራ ሰው አለ ወይ ተባልኩ። ማንም አይነካውም አልኩ። መስመሩ ላይ ስንት ቀፎ አለ ተባልኩ። አንድ አልኩ። እውነቴን ነው፤ ቤቴ ያለው አንድ ነው። እንግዲያው እሱን ነቅለው ይሞክሩ አሉኝ።

አርብ ነቀልኩት። ልጄ ብቅ ከማለቷ ተቆረጠ።

ስልኩ ከተነቀለ ማን ነው የሚቆርጠው? የምትርገበገበዋን መብራት እያየሁ ተቀምጬ ሳለ፣ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ የስልክ እጀታ ቀጭ ብሎ ሲቀመጥ ሰማሁ። ትንሽ ቆይታ መብራቷ ቀጥ አለች።

ማዶ ያሉት የወሎ ሴት ናቸው፤ ጌጃ ሰፈር አግብቼ ከመጣሁ ጀምሮ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ከግቢው ስልክ መጀመሪያ የገባው እኛ ቤት ነው፤ ለሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉንም እንጠራለን። የሳቸው አንድ ልጅ ሰሜን ጦር ግንባር በዘመተ ጊዜ፣ እኛ ጠርተናቸው እስኪደርሱ መስመሩ እየተዘጋባቸው ሲያለቅሱ፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ግድግዳውን በስቶ ሽቦ ሳበላቸው፣ ቀፎም ገዝተው ሰኩ። ልጁ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደውል ነበር። አንድ አርብ ቀረ። መርዶ አልመጣም፤ እሱም አልመጣም። ያ ሽቦ በኖራ ተለስኖ የግድግዳው አካል ከሆነ ስንት ዘመኑ። የሳቸው ስልክ የሳቸው ነው፤ ከኔ ጋር ቆጥሬው አላውቅም።

ቤታቸው ስገባ መስገጃቸው ገና አልታጠፈም።

«እማማ፣ ስልኩን አሁን አንስተውት ነበር?»

«ድምፅ አለው ወይ ብዬ ነው እንጂ ለማንም አልደወልኩ።»

«ሁልጊዜ ያነሱታል?»

«አርብ አርብ፣ ከሶላት በኋላ። ልጄ ደውሎ መስመሩ ሞቶ ቢያገኘው፣ ሰፈሩ ፈረሰ ብሎ ተስፋ አይቆርጥም?»

የሆነውን ነገርኳቸው።

«ልጅሽን የምቆርጣት እኔ ነኛ» አሉ። ከዚያ ሽቦው ወደሚገባበት ቀዳዳ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ቁረጪው። ያንቺዋ ፊቷ ይታያል።»

መቀስ ቤቴ ነበር። አላመጣሁትም። ለወንድሟ ነገርኩትና መልሶ ጥገና ክፍል ጠየቀ። ለካ መስመሩ ላይ ያለ ቀፎ ሁሉ የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የሚለይ፣ ስፕሊተር የሚባል ትንሽ ዕቃ በመሀል ይገባለታል፤ የኛ ሲተከል ተደርጎለታል፣ የሳቸውን ግን ያየውም የነገረላቸውም የለም። ገዝቶ ሰካላቸው። እሳቸው ማዶ እጀታውን አንስተው ግድግዳውን ቆረቆሩ፤ እኔ መብራቷን አየሁ። ቀጥ እንዳለች ነች።

በዚያው አርብ ልጄ መጣች። ምስሉ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። አሁንስ አንሽው አልኳት። አነሳችው። ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ቆዳው ተገፍፏል።

«ካውያ ነው እማዬ። ሸሚዝ አቃጠልሽ ብላ።»

አፌን ስከፍት ከኋላዋ በር ተበረገደ፤ የሴት ድምፅ መጣ፤ ምስሉ ጠፋ። ወደ ሞደሙ ዞርኩ። መብራቷ ቀጥ ብላለች። እስከዚያ ቀን የማማርረው መስመር ነበረኝ። ያን ቀን እሱም ቀረብኝ።

ከዚያ ወዲያ አርብ ብቻውን ይመጣ ጀመር። የላካት ደላላ ስልክ አያነሳም። ወንድሟ ያላንኳኳው ቢሮ የለም። እኔ ከመብራቷ ፊት እቀመጣለሁ፣ ማርያም ጋ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

አንድ ጠዋት ከማርያም ስመለስ ጎረቤቴ የግቢው በር ላይ ቆመዋል። ያለ ሻሽ ውጭ ሲቆሙ አይቼ አላውቅም። መርዶ ነው ብዬ እዚያው መሬት ተቀመጥኩ።

«ተነሽ። ልጅሽ ወጥታለች። ያመለጡ ሴቶች የሚጠለሉበት ቤት ናት። በቃሏ የያዘችው የቤታችሁን ስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሲጮኽ ከኔ በኩል አነሳሁት።»

ጎትተው አስገቡኝ፣ ውሃ አጠጡኝ። ምን አለች፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ አልኳቸው።

«እማዬ አለች። አቤት አልኳት።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «አንቺ አለመሆኔን ወዲያው አልነገርኳትም። ይቅር በይኝ፤ ትንሽ ቆየሁ።»

ልጄ ከብዙ ወራት በኋላ አገሯ ገባች። ሻርፗን ቤት ውስጥም አታወልቅም፤ ስለ አሠሪዎቿ ቤትም ከነገረችኝ ያልነገረችኝ ይበዛል። አርብ ከሶላት በኋላ ማዶ እጀታው ሲነሳ፣ የያዘችውን ሥራ አቁማ ታዳምጣለች። ቀጭ ብሎ እስኪቀመጥ አንዳችንም አንናገርም።