የርካሽ ሽጉጥ ሁለተኛ ድምፅ

አባቴ ርካሽ ሽጉጥ የሚመረምረው በጆሮው ነበር። ዓይኑን አያምነውም። ዓይን በቀለም ይታለላል ይል ነበር፤ እነዚያ ከጠረፍ በጭነት መሐል ተደብቀው የሚመጡ ስድስት ጥይት ጎራሽ ሽጉጦች ደግሞ ቀለም አይጎድላቸውም። ዝገቱ ላይ ጥቁር ቀለም፣ የተሰነጠቀው እጀታ ላይ አዲስ እንጨት፣ ከሁሉም በላይ ዘይት። ገዢው ፀሐይ ላይ ሲያገላብጠው ያብረቀርቃል። ዋጋው ከአንድ ጊደር ያንሳል። ጠመንጃ ለመግዛት አቅም ያነሰው፣ ወይም ጠመንጃ አንግቦ ከተማ መግባት የማይችል ሰው ይገዛውና ከጋቢው ሥር ይሸጉጠዋል። ከዚያ በኋላ ነፍሱን የጣለው እሱ ላይ ነው።

አባቴ በጦር ሠራዊት ውስጥ የመሣሪያ ጠጋኝ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ አገሩ ገባ፤ ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ይህ ሙያ ነው። በቅርባችን ባለችው አምበር ከተማ ገበያ በሚቆምበት ቀን ከወፍጮ ቤቱ አጥር ጀርባ ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ወፍጮው ከተበላሸ ዓመታት አልፈውት ስለነበር ከገበያው ሁሉ ጸጥ ያለው ቦታ እሱ ነበር፤ ከፖሊስ ዓይንም ራቅ ይላል። ሰዎች አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ። ሽጉጡን ባዶውን ይቀበልና መጀመሪያ ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ በአውራ ጣቱ ግራና ቀኝ ይነቀንቀዋል። እንዝርቱ ይለው ነበር። እንዝርቱ በጣም ከተወዛወዘ ያለ ብዙ ንግግር ይመልሰዋል። ካልተወዛወዘ ወደ ጆሮው ያስጠጋና ከኋላ ያለችውን መምቻ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ይስባል።

ደህና ሽጉጥ ሁለት ድምፅ አለው። አንዷ እንዝርቱ መዞር ሲጀምር የምትሰማው ናት። ሁለተኛዋ፣ በጣም ቀጭኗ፣ ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋር ትክክል ገጥሞ ሲቆልፍ ነው። ርካሹ ላይ ሁለተኛዋ ድምፅ የለችም፤ ወይም ደግሞ በአምስቱ ቀዳዳዎች ትኖርና በአንዱ ትጠፋለች። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ጥይት ሳይገጥም ይቀራል፤ መምቻዋ ጠርዙን ትጭረውና ይከሽፋል። ስለዚህ አባቴ ስድስቱንም ቀዳዳ በየተራ ይሰማል። ተኩሶ አይሞክረውም ወይ የሚል እንግዳ አይጠፋም። ጥይቱ ብርቅ ነው፤ ሻጩ ከስድስት በላይ አይሰጥም፤ ገበያ ላይ የተኮሰ ሰው ደግሞ የሚያድረው ፖሊስ ጣቢያ ነው።

እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብሁ ግጥም መጻፍ ራሴን ያስተማርሁ፣ እርሻውም ቤቱም ያስጠላኝ ጎረምሳ ነበርሁ። ሰው የማያየውን አያለሁ ብዬ እኮራ ነበር። አባቴ መስማት ማቆሙንም ከሁሉ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ዕድሜውን ሙሉ ከጆሮው ሥር ሲተኮስ ኖሮ፣ ጆሮው ቀስ እያለ ሞተ። ሰው ሲያናግረው ከንፈር ከንፈሩን ያያል፤ ያልገባውን በፈገግታ ያልፈዋል። ቤት ውስጥ እናቴ ትጮህለታለች። ገበያ ላይ ግን ማንም አላወቀም።

አንድ ቀን ከኋላው ተቀምጬ ጉልበቴ ጀርባውን ነክቶት ሳለ አንድ ሽጉጥ ይመረምር ነበር። መምቻዋን ሳበ፤ ደግሞ ሳበ። አንገቱ ላይ ላብ አየሁ። እኔ ሁለቱንም ድምፅ ሰምቼ ነበርና ሳላስበው ጀርባውን በጉልበቴ ገፋ አደረግሁት። ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ይህ ሆነ፤ ሁለተኛዋን ድምፅ ስሰማ እገፋለሁ፣ ሳልሰማ ዝም እላለሁ። ዝም ካልሁ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሁለቴ ዝም ካልሁ ሽጉጡን ለባለቤቱ ይመልሳል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራን፤ ሦስት ዓመት አልተሳሳትንም።

ከወንዙ ወዲህ ማዶ ጎረቤታችን የሆነ አንድ ሰው ነበር። እኛም አንድ በሬ፣ እሱም አንድ በሬ ነበረን፤ አቀናጅተን በየተራ እናርሳለን። ይህ ሰው ከወንዙ ወዲያ ማዶ ካለ ሰው ጋር በድንበር ተጣልቶ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ይመላለስ ነበር። ያኛው እገልሃለሁ ብሎ በሰው ፊት ዝቶበታል። ከተማ ጠመንጃ ይዞ መግባት ስለማይችል ባዶ እጁን ይሄዳል፤ ሲመለስ ወንዙን የሚያቋርጠውን አጭሩን መንገድ ትቶ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ሰው በበዛበት ዞሮ ይገባል። ዙሪያው ግማሽ ቀን ይፈጃል። በአጨዳ ወቅት ግማሽ ቀን መጣል ለእሱ ከባድ ነበር።

በዚያ ወቅት አንድ ገበያ ቀን ስድስት ጎራሽ ይዞ መጣ። ሻጩ ከጎኑ ቆሟል። አባቴ ፊት ተንበረከከና ሽጉጡን በሁለት እጁ ሰጠው።

“እንግዲህ አያ፣ ለልጅዎ ሚስት እንደሚመርጡ አድርገው ይዩልኝ፤ አብሬው ነው የማድረው” አለ።

“ሚስትህ ትስማህና ማን ጋ እንደምታድር እናያለን” አለው ከቆሙት አንዱ። ሳቁ።

ደህና ነው ካሉት ከነገ ወዲያ ከቀጠሮው ሲመለስ በወንዙ በኩል እንደሚመጣ፣ አይሆንም ካሉት ግን ያው ዙሪያውን እንደሚሄድ ነገረን። እኔ ይህን በደንብ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

አባቴ መምቻዋን ሊስብ ሲል ወፍጮው ተነሣ። ያን ቀን ጠዋት ከከተማ ጠጋኝ መጥቶለት ኖሯል። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰውና ከአጥሩ ወዲያ ማገሣት ጀመረ። ሰዎቹ ለመነጋገር ወደ ጆሮ ተጠጋጉ። አባቴ አንገቱን አዘንብሎ፣ ሽጉጡን ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ ቀስ ብሎ ሳበ። ወፍጮው መነሣቱን አላወቀም።

እኔ ምንም አልሰማሁም። አንደኛዋን ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። ማድረግ የነበረብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ብል አባቴ ሁለቴ ሞክሮ ይመልሰው ነበር፤ ያ ሰውም ዙሪያውን ይሄድ ነበር። ግን ያን ቀን ደብረ ማርቆስ ወጣቶች ግጥም የሚያነቡበት ዝግጅት ነበር፤ አንብብ ተብዬ ስሜ ተይዟል፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ደግሞ መንገድ ዳር ቆሞ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ይጠራል። ሽጉጡ ከተመለሰ ሻጩ ይከራከራል፣ እንደገና ይሞከራል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ጀርባውን ገፋሁት። ስድስት ጊዜ ገፋሁት።

“ደህና ነው” አለ አባቴ። “አምላክ ይጠብቅህ።”

የቆሙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እኛ መደማመጥ አቅቶን እሳቸው የብረት ሹክሹክታ ይሰማሉ አለ አንዱ፣ እየጮኸ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንም ሰው እንደማይሰማ ያን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ አንድም የተጠራጠረ አልነበረም። እንዲያውም የአባቴ ስም ያን ቀን ከፍ አለ። እኔ አውቶቡሱ ላይ ደረስሁ። ግጥሜንም አነበብሁ። አጨበጨቡልኝ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ከወንዙ ዳር ጀምሮ ዋይታ ሰማሁ።

ያገኙት ሰዎች ሽጉጡን ከጎረቤታችን ሬሳ እጅ ውስጥ ነው ያላቀቁት። ሦስት ጥይት ተኩሷል፤ ሦስቱም ስተዋል። አራተኛው ጥይት ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ጠርዙ ተጭሮ ተገኘ። ከሩቅ ያየ እረኛ እንደተናገረው ገዳዩ መሸሽ ጀምሮ ነበር፤ መክሸፉን ሲያይ ግን ተመልሶ መጣ።

ከቀብሩ በኋላ በሥልስቱ ለቅሶ ቤት ሄድን። ግቢው ሞልቷል። የሟች ታናሽ ወንድም፣ የእኔ እኩያ፣ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ባዶ አደረገና አባቴ እጅ ላይ አኖረው። ፊት ለፊቱ ቆሞ ሽጉጡን እየጠቆመ፣ “ደግመው ይስሙልኝ” አለው። ወንድሙ ሽጉጡን ሳያውቅበት ቀርቶ ይሆን፣ ወይስ ብልሽቱ ያኔም ነበረ? የፈለገው ይህን ለማወቅ ብቻ መሰለኝ።

እንደ ልማዴ ከኋላው ተቀመጥሁ። ግቢው ውስጥ አልቃሾቹ እንኳ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር፤ እንደዚያ ያለ ጸጥታ አግኝተን አናውቅም። አባቴ ሳበ። በአንደኛው፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ሁለቱም ድምፅ ጥርት ብለው ተሰሙኝ፤ ገፋሁት። በአራተኛው ሁለተኛዋ የለችም። ዝም አልሁ። ደገመው፤ ዝም አልሁ። ጀርባው ጉልበቴ ላይ ሲደርቅ ታወቀኝ። አምስተኛውና ስድስተኛው ደህና ነበሩ።

ሽጉጡን መሬት ላይ አኖረው።

“አራተኛው አይቆልፍም” አለ። “ያን ቀንም አይቆልፍም ነበር። ወንድምህ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።”

ወንድምየው እንዳቀረቀረ፣ ድምፁን ሳያነሣ “አምስቱስ?” አለ።

አባቴ አልሰማውም፤ ሽጉጡን እያየ ነበር። ወንድምየው አሁንም ደገመ። ሰዎች ቀና ብለው አባቴን ማየት ጀመሩ። የሟች የነፍስ አባት የሆኑት ቄስ ዓይናቸውን ከአባቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ጉልበቴ አዞሩ። ገባቸው። እኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ አሁን በሰው ሁሉ ፊት ሊታወቅበት ነው። ሦስት ዓመት ስሸፍነው ኖሬያለሁና አፌ ቀደመኝ።

“አምስቱ ይሠራሉ” አልሁ።

ወንድምየው ሽጉጡን አነሣ። አምስት ጥይት መለሰበት፤ አራተኛውን ቀዳዳ ባዶውን ተወው፤ ወገቡ ላይ አደረገው። ምን እንዳልሁት የገባኝ ያኔ ነው። ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው “ልጄ፣ እሱን ለእኔ ስጠኝ” አሉት።

“ይፍቱኝ አባ” አለና ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ። ሽጉጡን ግን አልሰጣቸውም። ወጥቶ ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ አባቴን አስቆምሁትና ጆሮው ላይ ጮህሁ። ያን ቀን ወፍጮው ይሠራ እንደነበር ነገርሁት።

“የቱ ወፍጮ?”

“የአጥሩ ማዶ። ተሠርቶ ነበር። ምንም አልሰማሁም።”

አቀርቅሮ በብትሩ መሬቱን ነካ ነካ አደረገ። “ድንጋዩ ሲነዝረኝ ታውቆኝ ነበር” አለ። “የጭነት መኪና መስሎኝ።” ከዚያ ቀና ብሎ፣ “ታዲያ ለምን ገፋኸኝ?”

አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነበር አልሁት። ደግሜ እንድጮህ አላደረገኝም፤ ከከንፈሬ አንብቦታል። ወንድምየው ምን ጠይቆት እንደነበር፣ እኔም ምን ብዬ እንደመለስሁ አስከትዬ ነገርሁት። ፊቱን አዙሮ ወደመጣንበት መራመድ ጀመረ። ያን ቀን ወንድምየው ቤቱ አልተገኘም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አባቴ እየተመላለሰ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌ ላከ። ቄሱም ለመኑት። እሺ ይላቸዋል፤ ሽጉጡ ግን ከወገቡ አይወርድም። ገዳዩም ከፖሊስ እየተሸሸገ ወንዙ ማዶ ወዳለው ቤቱ ይመላለስ እንደነበር ይወራል።

ወር ሳይሞላ፣ ፀሐይ ገና ቀትር ሳትደርስ፣ እኔና አባቴ ግቢያችን ውስጥ የላላ የቀንበር ጠፍር እናጠብቅ ነበር። ከወንዙ ማዶ ተኩስ ሰማሁ። ቆጠርሁት። አምስት ነው። እኩል እኩል፣ ሳይቸኩል። ከዚያ ዝም አለ፤ ቆይቶ የሴት ጩኸት ተነሣ።

አባቴ ጠፍሩን በጥርሱ ይዞ ይስባል። ቀና ሲል ፊቴን አየው። ከዚያ ከእኛ በታች ሰዎች ወደ ወንዙ ሲሮጡ አየ። ጠፍሩን ለቀቀው።

“ተተኮሰ?”

በራሴ ንቅናቄ አዎ አልሁት።

“ስንት?”

አንድ ጣቴን አሳየሁት።

ፊቱ በራ። እንደዚያ ሲበራ ካየሁት ቆይቼ ነበር። “አንድ ከሆነ ከሽፎበታል ማለት ነው” አለ። “ሰውየው በሕይወት ሊኖር ይችላል።” ጋቢውን ከአጥሩ ላይ ሳበ፤ ብትሩን አነሣ፤ ቁልቁለቱን ወደ ወንዙ፣ በዚያ ዕድሜው፣ እየሮጠ ወረደ። ልከተለው ተነሣሁ፤ እግሬ ግን ከደጁ አላለፈም።