የስልክ ቤቱ መስታወት

የልጅ ልጄ እዚሁ ዲላ ኮምፒውተር ትማራለች። ሰሞኑን «ነይ እማማ፣ ላስተምርሽ» ብላ አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተችልኝ። ሥዕል የለ፣ የሚነካ ነገር የለ፤ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ። ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀምኩ ፋይል መዘርዘር፣ ከፎልደር ፎልደር መግባት ለመድኩ። አንዱን ፋይል አጥፋ ስለው ጥያቄ አመጣ። «እርግጠኛ ነሽ ወይ ነው የሚልሽ» አለችኝ። እኔ ሆዬ ወደ ማሽኑ ዞሬ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁለት።

«እማማ ደግሞ፣ መች ያይሻል? ጻፊለት እንጂ» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ለእኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እናቴ ትዝ አለችኝ።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ዲላ ስልክ ቤት በስልክ አገናኝ ለማጅነት ገብቼ ነበር። አለቃዬ ኮስታራ ሴትዮ ነበሩ። «ማሽን ሆድሽን አያውቅም፤ ያዘዝሽውን ብቻ ነው የሚያደርገው» ይሉኛል። ገመዱን ሰኪ፣ ደውዪ፣ አገናኚ፣ ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮሽ አውርጂ፤ የሰው ወሬ አይሰማም። ቅደም ተከተሉን ካዛባሁ ይርጋ ጨፌ የፈለገው ነጋዴ ሞያሌ ይገባል። ስድቡን ተዉት።

ታላቅ ወንድሜ ያኔ ከአባታችን ጋር በቡና መሬት ተጣልቶ አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል። አባታችን ሲቀበር እንኳ አልደረሰም። እናቴ በናፍቆቱ አለቀች። አንድ ቀን በቡና መኪና ሹፌር «ሐሙስ እማዬን ስልክ ቤት አምጪልኝ፤ ልመለስ ወይ ብዬ ልጠይቃት» ብሎ ላከብኝ።

ሐሙስ ዕለት እናቴ ከመንደራችን ከጨለለቅቱ መጣች። ስልክ በእጇ ይዛ አታውቅም። ደንበኛ የሚነጋገርባት የመስታወት ክፍል ውስጥ አስገብቼ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላትና ወደ ቦታዬ ሮጥኩ። ገመዱን ሰካሁ፣ አገናኘሁ፣ እንደተማርኩት ማዳመጫዬን አወረድኩ። አንድም ስህተት አልሠራሁም፤ አለቃዬ እንኳ «ጎሽ» አሉኝ። በመስታወቱ ሳያት እንባዋ እየወረደ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ደግማ ትነቀንቃለች።

ስትወጣ «እሺ አልኩት፤ ይመጣል» አለችኝ።

አልመጣም። እናቴ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ደጅ ትወጣለች። «ነግሬዋለሁ እኮ» ትላለች። እኔም ጨካኝ እያልኩ በልቤ ስሰድበው ኖርኩ። የመጣው ለእሷው ለቅሶ ነው። ለቀስተኛው ሲቀንስ አጠገቡ ተቀምጬ «ምነው እንዲህ ጨከንክባት?» አልኩት።

«እኔ ነኝ የጨከንኩት? ልምጣ ወይ፣ ይቅር ትይኛለሽ ወይ ብዬ ለመንኳት። ሲቃዋን እሰማለሁ፤ አንዲት ቃል ግን አልመለሰችልኝም። ፊቷን እንዳዞረችብኝ ቆጥሬ አሰብ ወረድኩ።»

ወይ ነዶ። ስንቱን ገበሬና ነጋዴ «ጮክ ብለው ይናገሩ» ስል ኖሬ፣ ለገዛ እናቴ ስልክ እንደማያይ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በመስታወቱ ያየሁትን ነገርኩት።

«እሺ ብላኝ ነበር ማለት ነው?» አለ።

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁለት። ፊት ለፊቴ ስለነበር አየኝ።