ፓምፕ ሳንባ የለውም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ስንት ጊዜ ፊታቸው ቀርቤ ቁጣዬንና ሐሜቴን ስዘረዝር ኖሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፌዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ለሁለት ሰዎች ተናገርኩት። እሱንም ቢሆን አፌ እየተሳሰረ ግማሹን ዋጥኩት። ያ የዋጥኩት ግማሽ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው አሁን ለእርስዎ ከሥሩ የምናገረው።

ነገሩ ትንሽ ሊመስልዎት ይችላል። ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። አንዲት ተማሪ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እኔ ሳቅኩባት። ከዚያ ልክ እሷ እንደነበረች አወቅኩ፤ ዝም አልኩ። ከዚያ እርዳታ ፈልጋ ስትመጣ ዋሸኋት። በቃ ይኸው ነው። ትንሽ ነው ትልቅ ነው የሚለውን ሰምተው ይፍረዱ፤ እኔ እንደሆንኩ ለራሴ መፍረድ አልሆነልኝም።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከሥሩ ሶፋና አልጋ የሚሸጥበት አንድ ሕንፃ ላይ የግል ኮሌጅ ነበር። ስሙን ይተዉት፤ አሁን የለም። አዘቦት አዘቦቱን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚያ ለአግሪቢዝነስ ተማሪዎች የግብርና ምህንድስና መሠረታዊ ትምህርት አስተምራለሁ። ትራክተር፣ ማረሻ፣ መስኖ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የእህል ማከማቻ። ለነጋዴ የሚሆን ምህንድስና ማለት ነው፤ ዕቃውን እንዲሠሩት ሳይሆን ሲገዙት እንዳይታለሉ። እንዳይታለሉ! ይህን በመጀመሪያው ቀን የነገርኳቸው እኔው ነኝ።

ትራክተር አልነበረንም። ፓምፕ አልነበረንም። አፈር እንኳ ቢፈለግ መስኮቱ ላይ ካለችው የአበባ ጣሳ በቀር የለም። ሁሉንም በጠመኔ ነበር የማስተምረው። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ትራክተር ነድቼ አላውቅም፤ ፓምፕም በእጄ አስነስቼ አላውቅም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ተማሪዎቹ ይህን እንዳያውቁብኝ ስል ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጥያቄ ሲበዛ በቀልድ እያባረርኩ አስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ይወዱኝ ነበር፤ ቀልደኛ አስተማሪ ማን ይጠላል?

ሱመያ ከፊት ነበር የምትቀመጠው። አባቷ ጋሽ ሸምሱ ባምቢስ አካባቢ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ይሸጣሉ። ወደ ቡታጅራ ከአባታቸው የወረሱት መሬት ነበራቸው፤ መሬቱ ላይ ደግሞ ጥሩ ውሃ ያለው ጉድጓድ። ፓምፕ ገዝተን ሽንኩርት እናልማ ብላ ያሳመነቻቸው እሷ ናት። ዘመዶቻቸው ሴት ልጅ ኮሌጅ ገብታ ምን ልታመጣ ነው፣ ሱቁን ትያዝ እንጂ ሲሏቸው ተከራክረው ነው የላኳት። ሽንኩርቱ ከያዘ ትምህርቷም ይቀጥላል፤ ካልያዘ ሱቅ ትገባለች። ይህን ሁሉ በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ እየተፍለቀለቀች ነግራኛለች። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም። የልጅቷ ነገር በምን ላይ እንደተንጠለጠለ አውቅ ነበር።

ያን ቅዳሜ ስለ ፓምፕ ነበር የማስተምረው። ባለፈው ሳምንት ስለ ሞተር ስናወራ፣ ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል ብያቸዋለሁ። አሁን ደግሞ ከውጭ አገር መጽሐፍ ላይ እያየሁ፣ ፓምፕ ከጉድጓድ ውሃ ይስባል፣ ጥሩ ፓምፕ እስከ ሰባት ሜትር ተኩል ድረስ ይስባል ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሱመያ እጇን አወጣች። የእኛ ጉድጓድ ውሃው ሰባት ሜትር ላይ ነው፣ ይስብልናል ወይ አለች። ይስባል፣ ምን ችግር አለው አልኳት። ጻፈች። ብዕሯን አስቀመጠችና ትንሽ ቆይታ እንደገና እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሞተር ደጋ ላይ ይደክማል ብለውናል። ፓምፑስ አይደክምም? ይህ ቁጥር ለእኛ አገር ነው?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም፣ አይቼ ልምጣ ማለት ምን ነበረበት? ስንት ሰው ይላታል ይህችን ቃል! እኔ ግን ጠመኔዬን ወርወር ያዝ እያደረግኩ፣ «ሱመያ፣ ሞተር ይተነፍሳል። ፓምፕ ግን ሳንባ የለውም፤ ምን ብሎ ይደክማል?» አልኳት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ከእነሱ ጋር ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዶቹ ልጆች ስሟን «ሳንባ» አሉት። ሳንባ መጣች፣ ሳንባ ወንበር ያዢልን። እኔም ሰምቼ ፈገግ ብያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ጥያቄዋ ቆረቆረኝ። የተማሪነቴን መጽሐፍ ከአልጋ ሥር አወጣሁና ከኋላ ያለውን፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ሰንጠረዥ ፈለግኩ። አገኘሁት። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ፓምፕ ውሃ አይስብም! «ይስባል» የምንለው እኛ ነን። ፓምፑ የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ከውጭ ያለው አየር በክብደቱ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ግፊቱም ያንሳል። የኔ ሰባት ሜትር ተኩል ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ቁጥር ነበር። እዚህ እኛ ተራራ ላይ ተቀምጠን የባሕር ሰው ቁጥር እናነባለን። ቡታጅራ ላይ አምስት ሜትር ከሳበ ትልቅ ነገር ነው። ሰባት በፍጹም።

ስለዚህ ያን ቀን አወቅኩ። አወቅኩ እንጂ ጠረጠርኩ አላልኩም። ፓምፑ ገና አልተገዛም ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳውን አጽድቼ ስለ እህል ማከማቻ ጀመርኩ። ባለፈው የነገርኳችሁ ቁጥር ስህተት ነው፣ ሱመያ ልክ ነበረች ብል ምን እሆን ነበር? ይስቁብኝ ነበር፣ በቃ። እሷ የቻለችውን ሳቅ እኔ መቻል አቃተኝ። ጭራሽ በእረፍት ሰዓት መጣችና አባቷ በዚህ ሳምንት ፓምፑን ሊገዙ እንደሆነ በደስታ ነገረችኝ። እኔም ዓይኗን እያየሁ «በርቱ» አልኳት። በርቱ! ይህችን ቃል ልብ ይበሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከደረጃው ሥር ሶፋዎቹ መካከል ቆማ ጠበቀችኝ። ፓምፑ ይጮሃል፣ ውሃ ግን አይወጣም። ችግኙ መጠውለግ ጀምሯል። ዘመዶቻቸው በአባቷ መሳቅ ይዘዋል። «መምህር፣ አባቴን ያናግሩልኝ» አለችኝ። «ቁጥሩ ለደጋ ካልሆነ፣ እርስዎ ከነገሩት ይቀበላል። እኔ ብነግረው አይሰማኝም።»

የለመነችኝ አንዲት እውነት ነው። እውነቱ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ያለ ያህል ነበር። ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉት ብል ችግኙ ይተርፍ ነበር። እኔ ግን አባቷ ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ ስል ታየኝና፣ «ቱቦው አየር እያስገባ ነው። አባትሽ አጥብቀው አላሰሩትም» አልኳት። እንዲህ ብዬ ሰዓቴን አይቼ ታክሲ ለመያዝ ሄድኩ።

ቃሌን እንዳለ ወስዳ ለአባቷ ነገረቻቸው፤ እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት። ይህን የሰማሁት ከጓደኛዋ ነው። ጋሽ ሸምሱ ቱቦውን ፈትተው በጎማ ቁራጭና በሽቦ እንደገና አሰሩት። አልሆነም። ፈትተው አሰሩት። ሽቦው መዳፋቸውን ቆረጣቸው። የአገሩ ሰው ምንጣፍ ሲጠቀልል የኖረ እጅ እያለ ቀለደባቸው። ሽንኩርቱ ደረቀ። እሳቸውም ሰው ፊት ልጄ አዋረደችኝ ብለው ተቀየሙ፣ አባቷን መናቅ የተማረችበት ቦታ ከእንግዲህ አትሄድም አሉ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የፊት ወንበሩ ባዶ ሆነ።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ለአዲሶቹ ተማሪዎች ትክክለኛውን ቁጥር አስተማርኩ። እዩ፣ የውጭ መጽሐፍ ዝም ብላችሁ አትመኑ፣ እኛ ደገኞች ነን አልኳቸው። ተደነቁልኝ። የሱመያን ጥያቄ ወስጄ የራሴ ዕውቀት አደረግኩት። ባምቢስ አካባቢ ስደርስ ደግሞ መንገድ እየተሻገርኩ ዓመታት ኖርኩ።

በቅርቡ፣ የከተማው ባቡር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው፣ የሚስቴ ወንድም ፓምፕ ግዛልኝ አለኝና ለገሃር ወረድኩ። አንድ ሱቅ በር ላይ ስደርስ ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማሁ። «አባት፣ አገርዎ የት ነው?» ትላለች። ገዢው ሽማግሌ ተቆጡ፤ ዕቃ ልግዛ ብዬ መጣሁ እንጂ ዘሬን ላስቆጥር ነው እንዴ አሉ። ሴትዮዋ ሳቀች።

«ኧረ እኔ ዘር ምን ያደርግልኛል! ማለቴ ደጋ ነው ቆላ? ደጋ ከሆነ ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ አድርገው ነው የሚተክሉት። ፓምፕ ሳንባ የለውም፣ የሚገፋው የውጭው አየር ነው።»

ሱመያ ነበረች። ልመለስ ብዬ ነበር፤ አይታኛለች። «መምህር!» ብላ ተነሥታ ወንበር አቀረበችልኝ። ያቺ አክብሮቷ ከስድብ በላይ ነው የገረፈችኝ። ምንጣፉን ትተው ወደ ፓምፕ እንዲዞሩ አባቷን የገፋፋቻቸው እሷ ናት። ትምህርቷንም ኋላ በራሷ ጥረት፣ ሌላ ቦታ ጨርሳዋለች። የደጋውን ነገር እንዴት እንደደረሰችበት ጠየቅኳት፤ ከደጋ የመጣ ገዢ አልሠራም ብሎ ይመልሳል፣ የቆላው አይመልስም፣ ከዚያ ገባኝ አለች። አባቷ ግን እስከ ዛሬ አላመኗትም። መምህርሽ ቱቦው ነው ብሏል አይደል ይሏታል። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር በእጃቸው አያስሩም፤ ካርቶን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያስርላቸው።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፓምፑን ስንገዛ ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

ገዢ ገባ። ተነሥታ ሄደች። ስትመለስ ጥያቄውን አልደገመችውም፤ አባቴ ቅዳሜ ሱቅ ይመጣል ብቻ አለችኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ አርጅተዋል፤ በር አጠገብ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊታቸው ቆሜ፣ ቱቦው አየር አላስገባም፣ ቁጥሩ የኔ ስህተት ነበር፣ ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ነው ልጅዎን የዋሸኋት አልኳቸው። ሱመያ ባንኮኒውን ይዛ ቆማለች። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«እንግዲያው አጥብቄ ነበር ያሰርኩት?»

«አጥብቀው ነበር፣ ጋሽ ሸምሱ።»

ቱቦና ሽቦ አምጡልኝ አሉ። ቱቦውን ከአንድ አዲስ ፓምፕ ጋር አሰሩና ሳበው አሉኝ። ሳብኩ። ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌው ዕንባቸው እየወረደ ሳቁ። ሱመያ አባቷን አቅፋ ቆየችና ወደኔ ዞራ፣ «እሱ ይቅር ብሎዎታል። እኔ ገና ነኝ» አለችኝ። «ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡ። ለገዢዎቼ የሚያስረዳልኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ አሁን ፓምፕም አለን።»

የዋጥኩት ግማሽ ይኸውልዎ። የዋሸሁ ዕለት አውቅ ነበር አልኳቸው እንጂ፣ ፓምፑ ከመገዛቱ በፊት አውቅ እንደነበር አልነገርኳቸውም። እያወቅኩ «በርቱ» ማለቴን አልነገርኳቸውም። ዕንባቸውን አይቼ ፈራሁ። ሱመያ የጠየቀችኝ ግን እሱኑ ነበር።

ለዚህ ምክንያት የለኝም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ እሷም ወጣት ነበረች። ይቅር ይበሉኝ ብዬም እርስዎን አላስቸግርም፤ ይቅር ማለት የእርስዎ አይደለም። ነገ ቅዳሜ ነው። ማስረዳት ከመጀመሬ በፊት፣ ገዢ ሳይገባ፣ «በርቱ» ያልኩትን እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ ወንበሩን ብታነሳው የእሷ ፈንታ ነው። ብትተውልኝ ደግሞ፣ ለሚመጣው ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው ፓምፕ ውሃ እንደማይስብ ነው፤ ይህንንም ከማን እንደተማርኩት ስሟን ጠርቼ እናገራለሁ።