ዘግይቶ የደረሰ ንፍሮ

ከጦርነቱ በኋላ ሰሜኑን ስዞር፣ ልጇ የሞተባት ሴት ቤት የንፍሮ ሽታ ተቀበለኝ። ሽታው ወደ ልጅነቴ ጉለሌ መለሰኝ።

ደርግ ሳይወድቅ ነው። እናቴ ንፍሮ በሳህን ይዛ ወደ ቁስቋም አስከተለችኝ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ወታደሮች የገደሉት የእትዬ በላይነሽ ልጅ።»

«እሱማ ቆየ እኮ!»

«ያኔ ማልቀስ ክልክል ነበራ! በይ ድምፅሽን ቀንሺ።»

እትዬ በላይነሽ ንፍሮውን ሲያዩ ገባቸው። መጀመሪያ በሩን ዘጉ፣ ቀጥሎ መስኮቱን። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን አፍነው አለቀሱ።

«እግዜር ያጥናዎት፤ ዘገየን» አለች እናቴ።

በሩ ለምን እንደተዘጋ ያኔ አልገባኝም።

አሁን ልጇ የሞተባትን ሴት «እግዜር ያጥናሽ» ስላት ብድግ አለች። በሩን ልትዘጋው መስሎኝ ነበር። ወለል አድርጋ ከፈተችውና ድምጿን ለቃ አለቀሰች።